ካላመንሽ ቁጠሪው

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ፣ አራብሳ ዳር ላይ፣
ትምህርት ቤት ይሆናል የተባለው ሕንጻ ጣሪያው ገና ሰማይ።
ያለው አንዱ ደግሞ አንድ ወንበር ለአራት፣ ፈረቃው ተጣቦ፣
ሸኚ ደብዳቤዋን ከፈረሰው ሰፈር፣ ከጠፋው መዝገብ ውስጥ ማን ያምጣው ሰብስቦ?
«ለመስከረም ኑ» አሉን። ገና ጥቅምት ነበር።
አሥራ አንድ ወር ሙሉ ልጅ እንዴት ይቀመጥ፣ አጥር ሲያጥር ሲቆጥር?

ወይንሸት ናት ያለችው፦ «እኛው እናስተምራት።»
ሳቅሁኝ። ሳቄም ቶሎ አፌ ላይ ደረቀ፣ ፊቷን ቀና ብዬ አንድ ጊዜ ባየኋት።
እኔ ከአራተኛ፣ እሷ ከስድስተኛ፣
ተደምረን አሥር! ትምህርት ግን ዕቁብ አይደል፣
ተዋጥቶ አይወጣም በሁለት ዕቁብተኛ።
ጡረታ የወጡት መምህር ልሳኑም
«ዕውር ዕውርን ቢመራ…» ብለው ጀመሩና፣
ቀሪውን ዋጡት፣ ሲፈንን አዩና።

ግድግዳውን ለሰንኩት፤ ሲሚንቶው ሲደርቅ ጠቆር ያለ ሆኖ
ሰሌዳ ወጣው። ጠመኔውም ጄሶ፣ ከሥራ ቦታዬ በኪሴ ተጭኖ።
ንባቡ ከያለበት፦ ከመብራት ደረሰኝ፣ ከዘይት ጀሪካን፣ ከከረጢቱ ላይ፤
«ከእርጥበት ይጠበቅ» ብላ አነበበች፣
ጣሪያችን ሲያፈስ ነው፣ አንጋጣ ወደ ላይ።

ሒሳቡ ከወይንሸት፣ ከሽንኩርት መደቧ፣ ከዱቤ ደብተሯ፤
መቀነስ ሲከፍሉ፣ መደመር ሲጠፉ፣ ይህ ነበር ምሥጢሯ።
የእኔ በሴራሚክ።
ከሥራ የተረፈ፣ ጫፉ የተሸረፈ፣ አልጋው ሥር ነበረኝ፤
ካሬ ስትጠይቀኝ ካሬ እዘረጋለሁ፣
ክፍልፋይ ስትለኝ
በመቁረጫ ግማሽ፣ ከግማሹም ግማሽ።
አንድ ሕግ ብቻ ነው የማውቀው ከልቤ፣ ከጎደለ ካርቶን የተማርኩት ኋላ፦
«ካላመንሽ ቁጠሪው፤ አባትሽ ቢልም እንኳ፣ ቢያትመውም ሌላ።»

የካቲት ነው መሰል። የማባዣ ሠንጠረዥ ጻፍኩ ግድግዳው ላይ፤
«ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሃምሳ አራት» ብዬ፣
ጎላ አድርጌ ደግሞ፣ ከሩቅ እንዲታይ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ሦስት ሳምንት ሙሉ ዜማ አውጥታለት ስትሸመድድልኝ፣
ቃጭል እንደሰማ በግ ኩራት ሲነዳኝ፣ ማን ከፍ ያለ አለ፣ ማን ይበልጥ ነበር ከእኔ?

አንድ ቅዳሜ ግን ወለሉ ላይ ሆና
ሰባት ረድፍ በስምንት ደረደረች። ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።
ዞራ እኔን አየች፤ ግድግዳውን አየች።
«አባዬ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እናቷ እንዳትሰማት፣
«ሁለት ትርፍ መጣብኝ። ሴራሚኩ ነው ወይስ…»
አልጨረሰችውም፤ ቃሉ ሳይከብዳት አልቀረም ለአፏ፣ ሳይከብዳት።

ቆጠርኩ። ሃምሳ ስድስት።
ስንት ቤት አንጥፌ፣ ስንቴ ሁለት ጎድሎኝ፣ ሻጩን ሌባ ብዬ!
ጄሶ አቀበለችኝ። አጥፍቼ አረምኩት፣ በገዛ እጅጌዬ።

መምህር ልሳኑ ስነግራቸው ሳቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ፣
«‹ቁጠሩኝ› አላልኩም፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ።»

ደስ ሊለኝ ይገባል። ደግሞም ደስ ብሎኛል።
ሌሊት ግን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ አንድ ነገር ያነቃኛል፦
ሃምሳ አራት በሴራሚክ ተቆጥሮ ታረመ፤
የማይቆጠረውስ?
ስሙን የማላውቀው ስንት ስህተት አለ፣ በእጄ ጽሕፈት ሆኖ በልጄ ላይ የታተመ?

መስከረም ጠባና፣ እንድታድግበት በረዘመ ዩኒፎርም በር ላይ አደረስኳት።
ዘበኛው ቦርሳዋን ሊፈትሽ ከፈተ፤ እጁን ሰደደና ከደብተሯ በታች ስባሪ አገኘባት፣
ነጭ የሴራሚክ ስባሪ፣ አንድ ጭብጥ የሚሆን፣ ጠርዙ በጥንቃቄ በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ የለሰለሰ።
«ይሄ ምንድነው?» አለ።
«የሒሳብ ነው» አለችው፣ የእኔ አፍ ሳይከፈት።
ዘበኛው እኔን አየኝ።
እኔ መሬት አየሁ።